አሲዱ ያለው ውስጥ ነው

ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ4
ከባትሪ ሱቁ

ልጄ፣

ሰላምታው ይቆየን። ዘንካታው ሾፌር አውቶብሱን አስነስቶ ጡሩምባውን እየነፋብኝ ነው። ይህን ይዞልሽ ካልሄደ እስከ ነገ ሌላ መኪና የለም፣ ስልኩም እንደተበላሸ ነው። ዛሬ ጠዋት እህትሽ አልናገር አለች። ለፍላፊዋ! እናትሽ ለቁርስ ጠራቻት፣ ዝም። እኔ ጠራኋት፣ ዝም። የተኛች መስላ የምትቀልድብን መስሎኝ ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ትራሷ በለሃጭ ርሷል፣ አንገቷ ከዚህ እስከዚህ አብጧል (በእጄ እያሳየሁሽ ነው፣ ታውቂኝ የለ)፣ ስትተነፍስ ያፏጫል። አፏን አስከፍቼ በእጅ ባትሪ አየሁት። ጉሮሮዋ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፏል፤ ያረጀ የመኪና ባትሪ ስንከፍት ታች ተጋግሮ የምናገኘውን ዝቃጭ ነው የሚመስለው። በማንኪያ ጫፍ ነካ ባደርገው ደማ።

እናትሽ አንዴ አይታ "ዘጊ አናዳ ነው" አለች። ባለፈው ሳምንት ከክፍሏ ሁለት ልጆች በዚሁ ተኝተዋል። አንቺ መርዙን የምታጠኚው የጉሮሮ በሽታ ማለት ነው። የክትባት ካርዷን አወጣሁት፣ የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ነው።

አትደንግጪ። እኔ አልደነገጥኩም። ጽሑፌ የተንቀጠቀጠው ጠዋት የከባድ መኪና ባትሪ ስላነሳሁ ነው።

ለምን እንዳልደነገጥኩ ልንገርሽ። ያኔ "ቀኑን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ተዘግተሽ ምንድነው የምትሠሪው?" ስልሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ባትሪው ቻርጅ እስኪያደርግ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ይሰማዋል። በቃሌ ነው የያዝኩት። አንደኛ፣ ባክቴሪያው ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ መርዝ ይለቃል። ሁለተኛ፣ መርዙ ሁለት ሆኖ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ያዥ፣ አንዱ ገዳይ። ሦስተኛ፣ ያዡ የሴሉን ቆዳ ጨብጦ ይንጠለጠላል፤ ሴሉም የሚበላ ነገር የመጣ መስሎት በአረፋ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። አራተኛ፣ አረፋው አሲድ ይሆናል። አሲዱ ሲነካው መርዙ ይዘረጋል፣ የአረፋውን ቆዳ ይበሳል፣ ገዳዩም በቀዳዳው ሾልኮ ይገባል። አሲድ ከሌለ አይገባም ብለሽ በቀይ አስምረሽበታል።

እንግዲህ አሲድ ከሆነ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። እዚህ ወለል ላይ ሲፈስብን ምን እናደርጋለን? ሶዳ እንበትንበታለን፣ ቡፍ ቡፍ ብሎ ይሞታል። ስለዚህ ለፍላፊዋን ሶዳ በውሃ በጥብጬ እያጠጣኋት ነው፣ ትጉመጠመጥበታለችም። "እኔ ባትሪ ነኝ እንዴ?" አለችኝ ትናንት፣ ሳቃችንን ለቀቅነው።

እናትሽ ሐኪም ቤት ካልወሰድናት ብላ ይዛኛለች። እዚያ መድኃኒቱ ካለቀ ቆይቷል ይባላል። ልጃችን ራሷ በእጇ የጻፈችውን ትተን የመንደር ወሬ እንስማ እንዴ፣ አልኳት። አኩርፋኛለች።

የምፈልገው መልስ ይሄ ነው። ስንት ማንኪያ ሶዳ ነው በአንድ ብርጭቆ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ብርቱካንና ሎሚ ከልክያታለሁ፣ ደግ አደረግኩ? ዘንካታው ሊሄድ ነው።

አባትሽ


ማክሰኞ፣ በ5

አባዬ፣

ይህን ቆመህ የምታነብ ከሆነ እንዳትቀመጥ። ለፍላፊዋን አቅፈህ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ። የቀረውን እዚያ ደርሰህ ታነበዋለህ።

ሶዳውን ተው። አንተ አላጠፋህም፣ እኔ ነኝ አጻጻፉን ያልቻልኩበት። አሲዱ ጉሮሮዋ ውስጥ አይደለም አባዬ። ሆዷም ውስጥ አይደለም። እያንዳንዱ ሴል ለራሱ በሚሠራው አረፋ ውስጥ ነው፣ ሶዳህ እዚያ አይደርስም፤ ባልዲ ሙሉ ብትጠጣ አይደርስም። እኛ እዚህ መስታወት ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ላይ አሲዱን የሚያጠፋ ነገር ጨምረን መርዙን እናቆመዋለን። እሱን ነበር የጻፍኩልህ። ሳህን ላይ ነው ግን። ልጅ ላይ አይደለም።

መድኃኒቱ ማርከሻው ነው። ማርከሻው መርዙን የሚይዘው ገና ውጭ፣ ደም ውስጥ እየዞረ ሳለ ብቻ ነው። የሴሉን ቆዳ አንዴ ካለፈ በኋላ ተከትሎት የሚገባ ነገር የለም። ከገዳዩ አንዲት ፍንጣቂ ከገባች ደግሞ ያንን ሴል ለመጨረስ ትበቃለች። ለዚህ ነው ቆመህ አንብብ ያልኩህ።

ለዘንካታው በረዶ የሞላ ቴርሞስ ሰጥቼዋለሁ፤ ውስጡ ሁለት ብልቃጥ ማርከሻ አለ። ኃላፊዬ "መጋዘኑ ውስጥ የቀሩት እነዚህ ናቸው፣ አዲሱ ገና ሳይፈተሽ አይወጣም" ብላኝ ነበር፤ ከዚያ ቁልፉን አወጣችልኝ። ለእህቴ ነው ብዬ ፈርሜ ነው የወሰድኩት። ቴርሞሱ መንገድ ላይ እንዳይከፈት አስጠንቅቄዋለሁ፤ "ጭኔ ላይ አድርጌው እነዳለሁ" ብሎ ምሎልኛል።

አንድ ነገር። ዛሬ ጠዋት ዝም አለች ትላለህ፣ ሶዳው ግን ትናንት ነው ያሳቃችሁ። በእውነት መቼ ነው የጀመራት? እባክህ አባዬ፣ ለሐኪሟ እንኳ እውነቱን ንገር።

ልጅህ


ሐሙስ፣ በ7
ከሐኪም ቤት ኮሪደር

ልጄ፣ እንደምን አለሽልን? እናትሽ ደህና ነች፣ ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ብታኮርፈኝም አጠገቤ ነች። ለፍላፊዋም በመስታወቱ ውስጥ እጇን አውለብልባልሻለች። "አጻጻፉን ያልቻልኩበት እኔ ነኝ" ያልሽውን ግን ደግመሽ እንዳትጽፊልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይሰፍርም።

መቼ ጀመራት ላልሽኝ፣ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ትንሽ አተኮሳት፣ እሑድ ምራቋን መዋጥ አስጨነቃት። ሰኞ ያልኩሽ ሰኞ ነው አፏን ያየሁት፣ ያም ውሸት አይደለም። ሩቅ ሆነሽ ከምትጨነቂ ብዬ ነው።

ዘንካታው ትናንት አመሻሹ ላይ ከቤት አንሥቶን በቀጥታ አውቶብሱን ሐኪም ቤቱ በር ላይ አቆመው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያጉረመረመ። አንዷ "ጎረምሳው፣ እኛ እኮ ቲኬት ቆርጠናል!" ስትለው "ቆርጠሽ ከሆነ ቁጭ በይ" አላት። ቴርሞሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው ያስረከበኝ። ለፍላፊዋ ስታየው "አይስክሬም?" የሚል ምልክት አደረገች በምላሷ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ካንቺ ብዙም አትበልጥ። መጀመሪያ ከማርከሻው ጠብታ በለፍላፊዋ ክንድ ቆዳ ሥር ሰጥታ ጠበቀች፤ ከፈረስ ደም ስለሚሠራ ሰውነቷ ይቆጣ እንደሆነ ለማየት ነው አሉኝ። አልተቆጣም። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ።

"መቼ ነው የጀመራት አባት?"

"ሰኞ።"

"ቅዳሜ ነው" አለች እናትሽ ከኋላዬ።

ሐኪሟ ካርዱ ላይ ቅዳሜ ብላ ጻፈች። አሁን የምነግርሽን ደግመሽ አንብቢው፣ መልስ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ አንድ ልጅ አለ። በዕድሜ እሷን ነው የሚያክለው። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትሮጥ ይዛው መጥታ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እሱን የጀመረው ያን ዕለት ጠዋት ነበር። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፣ "የእርስዎ ልጅ ደሟ ውስጥ ለቀረው አንዱ ብልቃጥ ይበቃታል። የገባውን ደግሞ አሥር ብንሰጣትም አያወጣልንም። ይሄ ልጅ ግን ገና ነው። ሁለተኛውን ለእሱ ብንሰጠው ይተርፍ ይሆናል። እኛ ጋ የለንም።"

"በእህቷ ፊርማ ለእሷ ብሎ የወጣ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ። የእርስዎ ነው፣ አላስገድድዎትም።"

"ሁለተኛው ምንም እንደማይጠቅማት በእርግጠኝነት ያውቃሉ?"

"በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።"

"እንግዲያው ለእሷ ይሰጥልኝ።"

እናትሽ እጄን ያዘችኝ። ተወው ልትለኝ ይሁን አድርገው ልትለኝ እስካሁን አላወቅኩም፣ አልጠየቅኳትም። ሁለቱንም ሰጧት። ልብስ ሰፊዋ በመስታወቱ ማዶ ሆና ታይ ነበር፣ ምን እንደምታይ ግን የገባት አልመሰለኝም።

ልክ ነኝ? በአጭሩ መልሽልኝ።

አባትሽ


ቅዳሜ፣ በ9

አባዬ፣

ቅዳሜ መሆኑን አነበብኩ። እሺ።

የምትጠብቀውን መልስ ልጽፍልህ ተቀምጬ ወረቀት እየቀደድኩ አመሸሁ። "እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው" ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። ሌላም ጻፍኩና ቀደድኩት። ይህን ጥያቄ ስንገናኝ ጠይቀኝ። ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ሌላ ብልቃጥ ለማግኘት በየቢሮው ዞሬያለሁ፣ ኃላፊዬም ዞራለች። የለም። አዲሱ ቶሎ አይደርስም።

አሁን ስለ ለፍላፊዋ ልንገርህ። በሚቀጥሉት ቀናት ጉሮሮዋ ይጸዳል፣ ግራጫው ይላጣል፣ ትስቃለች፣ ራበኝ ትላለች። ያኔ እንዳትዘናጋ። ድና ስትመስል ነው እኔ ይበልጥ የምፈራው። መርዙ ገብቶ ከሆነ የገባው ልቧና ነርቮቿ ውስጥ ነው። የገባበት ሴል ያኔውኑ አይሞትም። አዲስ ፕሮቲን መሥራት ያቆማል፣ ያለውን እየበላ ይቆያል፤ ያለው ሲያልቅ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ከአልጋ አትውረድ። አትሩጥ፣ አትዝለል፣ ራሷ ሽንት ቤት አትሂድ። ልቧን በየቀኑ ያዳምጡላት። ድምጿ ከተለወጠ ወይም የምትጠጣው በአፍንጫዋ ከወጣ ለሐኪሟ ንገር።

ልመጣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ኃላፊዬ አዲሱን ማርከሻ የምንፈትሸው እኔና እሷ ብቻ መሆናችንን አስታወሰችኝ። እኔ ከመጣሁ ሌሎች ልጆች ይጠብቃሉ። ምን ላድርግ አባዬ?

ልጅህ


ረቡዕ፣ በ13

ልጄ፣

አትምጪ። ሥራሽን ሥሪ። ይህን ስጽፍ እናትሽ አይታዋለች፣ ተስማምታለች።

ይቅርታ ዘግይቻለሁ። የምነግርሽ ደግ ደጉን ሰብስቤ ልጽፍልሽ ስጠብቅ ቀኑ ሄደ። ደግ ደጉን ልጀምርልሽ። ጉሮሮዋ ጸድቷል። ትኩሳቱ ወርዷል። የአንገቷ እብጠት ሟሸሸ፣ አገጯ ተመልሶ መጣ። ወሬዋም መጣ! ነርሷን ባል አላት ወይ፣ ለምን አላገባችም፣ ጫማዋ ለምን ይጮኻል፣ ሁሉንም ጠይቃ ጨርሳለች። ሐኪሟን "አንቺ ራስሽ መርፌ ተወግተሽ ታውቂያለሽ?" ብላ አፋጠጠቻት። ዘንካታውን ደግሞ አውቶብሱን ወደ መስኮቱ እንዲያስጠጋላት አዝዛው ነበር፤ "እመቤቴ፣ ፎቅ አልወጣም እኮ" አላት ከታች እየጮኸ።

ድምጿ ግን ልክ እንዳልሽው ነው። በአፍንጫዋ ነው የምታወራው፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። ትናንት ወተት ስንሰጣት በአፍንጫዋ ወጣ። እሷ ሳቀች፣ "እንደ ቧንቧ!" አለች። እናትሽ ተነሥታ ወጣች። ለሐኪሟ ነገርኳት፣ ልቧን አዳመጠች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ "ከአልጋ እንዳትነሣ" አለች፣ አንቺ ያልሽውን ነው የደገመችው።

ሴሎቹ ያላቸውን እየበሉ ይቆያሉ ያልሽው ገብቶኛል። ቻርጀሩ የተነቀለበት ባትሪ ማለት ነው። መብራቱ ይበራል፣ ጡሩምባው ይነፋል፣ ሾፌሩም ደህና ነው ብሎ ይነዳል። እኔ ይህን ዓይነት ባትሪ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አይቻለሁ። አፉ ላይ ጆሮ ብትጥይ ምንም አይነግርሽም። አሁን ተኝታ ስታወራ እያየሁ እሱን ነው የማስበው። ላለማሰብ እቃ እቆጥራለሁ፣ አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮት፣ ጫማዋ፣ ከዚያ እንደገና አልጋ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ አልጋ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ባዶ ነው። አንሶላውን ቀይረውታል።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ፣ በላሁ። እንዲህ አለችኝ፣ "ወንድሜ፣ ያ ቴርሞስ ውስጥ የመጣው መድኃኒት፣ ሁለት ነበር አይደል?"

"አዎ" አልኳት።

"ልጅህን ጠይቅልኝ እስቲ፣ አንድ ብቻ። መኪናዬን ሸጬም ቢሆን።" መኪና የምትለው የልብስ ስፌቷን ነው።

"ጠይቄያለሁ፣ የለም አሉ" አልኳት። ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ አንቺ ጠይቀሽ የለ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ዳቦውን ሸብ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተነሥታ ወደ ልጇ ሄደች። ክፉ አልተናገረችኝም። ምነው ተናግራኝ ቢሆን።

ለፍላፊዋ "ልጁስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ቤቱ ሄደ አልኳት። "ሳይሰናበተኝ?" አለች በዚያች አዲሷ ድምጿ።

አባትሽ


ማክሰኞ፣ በ19
ከቤት

ልጄ፣

ዘንካታው እንደነገረሽ ነግሮኛል። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለመጻፍ ተቀምጬ "እንደምን አለሽ" የሚለውን ማለፍ አቃተኝ። እሱ ደግሞ ፊትሽን አይቶ ሳይነግርሽ መመለስ አልቻለም። አትቀየሚው፣ አውቶብሱን አቁሞ ሲያለቅስ ተሳፋሪው ጠብቆታል፣ ማንም አላጉረመረመም።

በእሱ በላክሽው ደብዳቤ የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስልሽ።

አልወረደችም። ከአልጋ አላወረድናትም፣ በፍጹም። ያልሽውን ሁሉ አድርገናል። እሑድ ጠዋት እናትሽ ትራሱን ልታስተካክልላት ቀና አደረገቻት። በቃ፣ ቀና ማለት ነው። ሐኪሟ ከበሩ ማዶ ነበረች፣ ሮጣ ገባች። ልቧ ነው አለችን። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አልተሰቃየችም። እያወራች ነበር። ስለ ምን ላልሽው፣ ነርሷ ጫማ እንድትቀይር እየመከረቻት ነበር።

እናትሽ ትበላለች። ትንሽ። ትራሱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ ትላለች፣ ሌላ ነገር አትልም። አንቺ ጻፊላት። የሴሉን ነገር፣ እሑድ ጠዋት ሳይሆን ቀደም ብሎ ያለቀ ነገር መሆኑን፣ ቀስ ብለሽ፣ በአጭር በአጭሩ። እኔ ስነግራት አትሰማኝም፤ ባለፈውም ነግሬያት ነበር፣ አሲዱን ሶዳ ይገድለዋል ብዬ።

ግድግዳው ላይ የነበረውን ደብዳቤሽን አንስቼዋለሁ። አልጣልኩትም። ደንበኞቹ ተለጥፎበት የነበረውን ቦታ አይተው ባትሪያቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንዱ ብቻ "ልጅቷ የጻፈችው የታለ?" አለኝ፣ ሌላው በክርኑ ጎሰመው።

አዲሱ ማርከሻ ተፈትሾ ወጣ ያልሽው ደስ ይላል። እውነቴን ነው። ለሌሎቹ ይድረስ።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ ቤታችን መጣች። አድራሻችንን ከሐኪም ቤት ጠይቃ ነው። እናትሽን አቅፋ ብዙ ተላቀሱ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ስትወጣ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ለመሆኑ ሁለተኛው ጠቀማት?" አለችኝ።

በነገር አልነበረም የጠየቀችኝ። ማወቅ ፈልጋ ነው፤ ጠቅሟት ቢሆን ትንሽ ይቀላት ነበር መሰለኝ። እኔም ይቀለኝ ነበር።

"አላውቅም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። "እኔም ብሆን ለልጄ ነበር የምለው" አለችና ሄደች። አንቺ ቀደሽ የጣልሽውን እሷ አፍ አውጥታ ነገረችኝ። እስከ መንገዱ ልሸኛት አስቤ በሩ ላይ ቀረሁ።

ቴርሞሱን በዘንካታው ልኬልሻለሁ፣ ታጥቧል። ስለ ሂሳቡ የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። የሐኪም ቤቱን ጨርሰናል። የዘንካታውን ብዙ ለምኜዋለሁ፣ አልቀበልም ብሏል። የልብስ ሰፊዋ አንድ ብልቃጥ አልተከፈለም።